«ገፋኝ» አለች እህተ ማርያም

ሰረቀኝ ብትል ኖሮ ይገባው ነበር፣ ሰረቀኝ ማለት ግልጽ ነው፣ ሌባ አለ፣ አጥር መዝለል አለ፣ ቀማኝ ብትልም ያው ነው፣ ቀማኛ ዱላ ይዞ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ወንዳወቅ ግን አጥርም አልዘለለ ዱላም አልያዘ፣ ዛፍ ላይ ነበር፣ ዛፍ ላይ የወጣ ሰው ማንን ይገፋል? ገፋኝ አለች። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ የሟች ጓደኛው የሃይለ ሚካኤል ሚስት፣ እህተ ማርያም፣ ወንዳወቅ ንቤን ወስዶ ገፋኝ። ከዚያ ወዲህ ቃሏ ጥርስ መሃል እንደቀረ የበቆሎ ቅርፊት ሆኖበታል፣ ምላሱ ሌላ ሥራ የለውም።

ሚኒባሱ ከቡሬ መናኸሪያ ወጥቷል፣ ማንኩሳ ላይ ይወርዳል፣ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ይጠብቁታል፣ አያ ሀይሉ እንደሆኑ ነግረውታል፣ ሌላ ምስክር የለም ወንዳወቅ፣ ስትጣራ አልሰማሁም፣ ምልክትም አላየሁም ብለህ ከማልህ ንቡ ያንተ ነው፣ አልምልም ካልህ የእሷ፣ አጭር ነገር ነው። አያ ሀይሉ ቁመታቸው ረጅም ነውና ሁሉ ነገር ያጥርባቸዋል።

ጠጋ በሉ፣ ይላል ረዳቱ፣ ለሦስት የተሠራው ወንበር አራት ይዟል፣ ከጎኑ ያሉት ሴትዮ ዘንቢላቸውን ታቅፈው ጉድጓድ ባለፉ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይሰፋሉ፣ ቡሬ ላይ ሙሉ ቂጥ ነበረው፣ አሁን ግማሹ አየር ላይ ነው፣ እማማ፣ ወንበሬን ወሰዱብኝ እኮ ቢላቸው፣ ኧረ ልጄ መቼ ነካሁህ ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ አልነኩትም። እንግዲያ የሰው ቦታ ለመውሰድ እጅ አያስፈልግም ማለት ነው? ይገርማል። መተንፈስ ይበቃል።

ህይወትንም የጠየቃት ለዚህ ነው፣ ልጁ፣ ቡሬ ግቢ ሁለተኛ ዓመት ናት፣ ስንቅ ሊያደርስላት ሄዶ በሶውን ሳያስረክብ፣ አንቺ ልጅ፣ ገፋ የሚለው ቃል ከየት የመጣ ነው? አባዬ፣ ሰላምታ ይቀድማል። እሺ ሰላም፣ ገፋስ? ስልኳን አወጣች፣ ኔትወርክ ከደመና የሚታለብ ይመስል ወደ ሰማይ ዘረጋችው፣ የግዕዝ ነው ይላል አባዬ፣ ገፍዐ፣ በደለ ማለት ነው፣ የማይገባህን የሰው ነገር በጉልበት የኔ ማለትም አለበት፣ ግፍ ራሱ ከዚሁ ነው የሚወጣ፣ የተገፋው ግፉዕ፣ ሲበዙ ግፉዓን። ቆይ፣ ቆይ፣ ግፉዓን እንዲህ ነው? ታዲያ ምን መስሎህ ነበር? ምን ይበላት፣ በልጅነቱ ቄሱ ግፉዓን ሲሉ የሩቅ አገር ሰዎች ይመስሉት ነበር፣ ከግብፅ ወዲያ፣ ፂማቸው ቀይ፣ በግመል የሚሄዱ፣ አርባ ዓመት ሙሉ አገራቸው የት እንደሆነ ለመጠየቅ እያፈረ ኖረ፣ ለካ ከወንዙ ማዶ ነው፣ ቆርቆሮ ቤት ያላት፣ ጉልበቷን የሚያማት።

ዛሬ ደግሞ ሲሪየስ ሆንህብኝ አባዬ፣ አለችው። ሲሪየስ ምንድን ነው? ሳትስቅ ስታወራ። ሳቀላት። የእትዬ እህተ ነገር ነው አይደል? ኧረ እንዲያው ለጨዋታ ነው፣ በሶሽን ያዥ።

ግፍ። እሱ ግፍ ትልቅ ነገር ይመስለው ነበር፣ የጦር፣ የባለሥልጣን፣ አገር ምድሩ የሚያለቅስበት፣ ለአንድ ቀፎ ንብ ይኼን ሁሉ ግዕዝ!

ደግሞስ ደንቡ ከእሱ ጋር አይደለም እንዴ፣ በእነሱ ቀበሌ ልጅ አዋቂው የሚያውቀው፣ ንብ ሲሰደድ ባለቤቱ እግር በእግር ይከተላል፣ እየሮጠ ይጣራል፣ ወዴት ዞረ? ወዴት ዞረ? ያየ ሰው በዚህ ዞሯል ብሎ ይመልስለታል፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ያደርሱታል፣ የትም ቢሰፍር የባለቤቱ ነው፣ ከጠፋበት ግን ያው ላገኘው ነው። እሷ ወንዙ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ጉልበቷ አላሻግር አላት፣ ጠፋባት፣ አለቀ።

አላለቀም።

ሁለት ዓመት ቀፎው ባዶ ነበር፣ የአረም መድኃኒቱ የአገሩን ንብ ሲፈጅ መጀመሪያ ያለቀው የእሱ ነው፣ በወይራ አጥኖ ይሰቅላል፣ ሸረሪት ይገባበታል፣ ወንዳወቅ፣ ዘንድሮ ስንት ኪሎ ሸረሪት ቆረጥህ? ይሉታል፣ ይስቃል፣ ከሁሉም ቀድሞ ይስቃል፣ ንብ ሰው ይመርጣል ይባላል፣ ይቺን ሲሰማ ግን ሳቁ ትዘገያለች። እናም በዚያ መስከረም ጠዋት ዋንዛው ላይ ወጥቶ የቀፎውን ገመድ ሲያጠብቅ ያ ድምፅ መጣ፣ እንደ ሩቅ ወፍጮ፣ አየሩ ጠቆረ፣ አውራዋ ገባች፣ ሌሎቹ ተከትለው ፈሰሱ፣ እጁ ላይ አረፉ፣ ጆሮው ላይ፣ አንዷ እንኳ አልነደፈችውም፣ መረጡኝ አለ፣ በስተመጨረሻ መረጡኝ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ከዚያ ጀርባቸውን አየ። ነጭ። ዱቄት። ምነዋ፣ ከወፍጮ ቤት ነው የመጣችሁት? ቀለደ፣ ለንብ፣ ቀልዱ ግን አፉ ውስጥ ደረቀ፣ ምክንያቱም ንቡ ሊሰደድ መድረሱን ሲያውቅ ቀፎው አፍ ላይ ዱቄት የሚነሰንስ በአገሩ አንድ ሰው ነበር፣ ሃይለ ሚካኤል፣ ወንዳወቅ፣ የኔን ንብ ከመቶ ንብ መሃል ለይተህ ታመጣልኛለህ ይለው የነበረ፣ ዘዴው ከንቡ ጋር ለሚስቱ ቀረ።

ከወንዙ ማዶ ድምፅ። ወዴት ዞረ? እሱ ቅጠሉ ውስጥ ነው፣ አታየውም። ሰው የለም ወይ? ወዴት ዞረ? አንድ ቃል ነበር የሚበቃት፣ አፉን ከፈተ፣ አንዲት ንብ ከንፈሩ ላይ አረፈች፣ ዘጋው። በንቧ አሳበበ። ሦስተኛው ጥሪ እንደ ጥሪ አልነበረም፣ ሰው ቤቱ ውስጥ ለብቻው እንደሚያወራው ነበር፣ ወዴት ዞረ። ከዚያ ወንዙ ብቻ።

እንደሰማት አታውቅም። ቀፎው በዚያው ቀን መሙላቱን ብቻ ነው የምታውቀው፣ ገፋኝ ያለችውም በዚህ ነው፣ መስማቱን ብታውቅ ምን ትል ነበር፣ ለዚያስ ቃል አለ? ህይወት ስልኳን ብትጠይቅ ኔትወርኩ ያመጣው ይሆን? አልነካሁም ብዬ ብምልስ፣ ይላል በልቡ፣ አልነካሁማ፣ እጄን አልዘረጋሁ፣ እውነት ነው፣ እነሆ እማማም አልነኩኝም፣ ግማሽ ቂጤ አየር ላይ ነው።

ማንኩሳ! ወራጅ አለ!

እግሩ ደንዝዟል፣ ዋርካው ሥር አያ ሀይሉ ከነቁመታቸው፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ እህተ ማርያም አንድ እግሯን ዘርግታ ጉልበቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። ቀልድህን መኪናው ውስጥ ትተህ ና፣ ይሉታል አያ ሀይሉ። ረዳቱ ዕቃ ነው ብሎ ያስከፍለኛል አያ። ማንም አይስቅም። በል፣ ስትጣራ ሰምተሃል ወይስ አልሰማህም? ቀኝ እጁ ይነሳል፣ ለመሐላ ነው፣ ከንፈሩ ላይ ያቺ ንብ ያለች ይመስለዋል፣ ቀላል ናት፣ ምንም አትመዝንም፣ አልሰማሁም ለማለትም አፍ መክፈት ያስፈልጋል፣ እንግዲያ ከተከፈተ አይቀር፣

እታለም፣ ይላታል፣ ሽማግሌዎቹን አልፎ፣ ወዴት ዞረ ብለሽ ነበር፣ ሦስት ጊዜ፣ በኔ ዞሯል፣ ጀርባው ነጭ ነበር፣ ዋንዛው ላይ ነበርሁ፣ ሰምቼሻለሁ።

እሷ ታየዋለች፣ ረጅም ጊዜ፣ ገበያ ላይ የጠፋባትን ዕቃ ሰው እጅ ላይ እንዳየች።

ይኼን ሁሉ ሳምንት ዛፉ ላይ ነበርህ እንዴ፣ ትለዋለች፣ በል ውረዳ።