የአደባባዩ ሴት እቅፍ

ዛሬ ይቺን ልጅ ከቤት እንዳትወጣ ማን ይያዝልኝ? እማማ ኑንዚያታ ከነጋ ጀምሮ ይህንኑ ያብሰለስላሉ። የልጅ ልጃቸው ዶሮቴያ ዳቦዋን ትገምጣለች፤ ጥፍሮቿ ሥር ሰማያዊ ቀለም ገብቷል።

"ቀባሽው፣ አይደል?"

"እቅፏን ብቻ፣ እምዬ። ቀለሙን በወይራ ዘይት ለውሼ አሸሁት። እሳት አልነካውም፤ የተቀመጠበት ሰው ይዞት ይሄዳል።"

አደባባዩ ላይ በጎኗ የተጋደመች ትልቅ የሸክላ ሴት አለች፤ ሰው የሚቀመጠው እቅፏ ውስጥ ነው። ከጭቃው እስከ ምድጃው ዶሮቴያ ክረምቱን ሙሉ ለፍታባታለች። ፊቷ የሟች እናቷ ፊት ነው። ከሥሯ የተቀረጸው ስም ግን የሸክላ ቤቱ ባለቤት የዶን ጋስፓረ ሆነ። ሐውልቷ ዛሬ ትመረቃለች፤ በዚህ በሲሲሊ የሸክላ ከተማ ደግሞ ሠሪው ቀድሞ ሳይቀመጥ ማንም አይቀመጥም።

"ያሳስርሻል! እንጀራሽን ይዘጋብሻል! ሄጄ እጠርገዋለሁ!" እማማ ኑንዚያታ እርጥብ ጨርቅ አነሱ።

በሩ ተንኳኳ። ዶን ጋስፓረ እንደ ወተት የነጣ ልብሱን ለብሶ ገባ።

"እንዴት አደሩ፣ እማማ? ልጅቷ ፎቶው ላይ እንዳትደነቀር ልነግራት ነው። ጭቃ ያቀበለ ሁሉ ልቁም ካለ አደባባዩም አይበቃን!" ሳቀ። "ደሞ የሴትዮዋ ፊት ምነው አኮረፈ? ከንቲባው ማናት ሲለኝ፣ አንዲት የሞተች ልብስ አጣቢ ናት አልኩት።"

ከጨርቁ ውሃ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ያቺ ልብስ አጣቢ ልጃቸው እኮ ናት። አንድ ቃል ቢተነፍሱ የሰውየው ሱሪ ይተርፋል።

"ዶን ጋስፓረ፣" አሉ፤ "ሲቀመጡ ዳር ዳር እንዳይሉ። መሃል እቅፏ ውስጥ ዘና ብለው ደገፍ ይበሉ። ያምርብዎታል።"

"እርስዎ ብቻ ነዎት የሚያስቡልኝ!" እያፏጨ ወጣ።

እማማ ኑንዚያታ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ወረወሩት። አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ደግሞ ፍርሃቱ መጣ።

"በይ አንቺ ንቅንቅ እንዳትዪ! ማን እንደቀባው አናውቅም። ምን አግብቶን!"

ዶሮቴያ ለምረቃው የተተኮሰላትን ቀሚስ አልፋ፣ ከሚስማሩ ላይ የሥራ ሽርጧን አወረደች። ደረቱ ላይ ያው ሰማያዊ ተለጥፏል።

"ኧረ በማርያም፣ እሱን አስቀምጪ! ሰው ሁሉ ያውቅብሻል!"

ዶሮቴያ ሽርጡን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች፤ የአያቷን ግንባር ሳመች። ከዚያ ወደ አደባባዩ ወጣች።