ጃቢርን ያስወጣው አሰልጣኝ

ቀሃ ኮከብ ከፈረሰ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ ክርክራችን ግን አልፈረሰም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር፣ ሷሊሕ ልብስ ስፌት ቤት እንሰበሰብና ክለባችንን የገደለው የትኛው አሰልጣኝ ነው እያልን እንጨቃጨቃለን። ተጫዋች አንወቅስም፤ ተጫዋች የሰፈር ልጅ ነው፣ እናቱ ትሰማለች። ዳኛም አንወቅስም፤ ዳኛ ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል? አሰልጣኝ ግን፣ ወላሂ፣ እንደሱ ለሐሜት የተመቸ ፍጡር የለም።

የክርክራችን ዳኛ ሷሊሕ ነው። የሟቹ አባቴ ጓደኛ ስለነበር አያ ሷሊሕ እለዋለሁ። ከስፌት ማኪናው ቀና ሳይል «ቀጥል»፣ «በቃህ» ይላል። ባጃጅ ነጂው አላምረው ሁልጊዜ የሚከሰው ያንን ብራዚል ብራዚል የሚለውን አሰልጣኝ ነው፤ በረኛችንን አጥቂ አድርጎ ያሰለፈውን። ኃይለ ጊዮርጊስ ደግሞ የመሪጌታ ልጅ ነውና ነገር የሚጀምረው ከሥሩ ነው። ክለቡ ከተመሠረተበት ቀን ተነስቶ፣ በጨዋታ ዋዜማ አሸዋ በጆንያ አሸክሞ የጎሃን አቀበት ያስወጣን ወደነበረው ሰውዬ እስኪደርስ ድረስ አንድ ጣሳ ሱፍ ፈልቅቀን እንጨርሳለን። ብቻ ምን ዋጋ አለው፣ መድረሻው አንድ ነው። ስድቡ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሐብተ ማርያም ላይ ያርፋል፤ በዘጠና ዓመተ ምሕረት ጃቢርን ባስወጣው በሐብተ ማርያም ላይ።

ጃቢር እኔ ነኝ።

አሁን ብታዩኝ ሦስት ደረጃ ወጥቼ የማለከልክ፣ ቦርጫም የጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ያኔ ግን እግሬ እግር ነበር! ቢጫ ማሊያችንን የሰፋልን ሷሊሕ ነው፤ ቁጥሩን ከአቡጀዲ ቆርጦ ነበር የሚለጥፈው። የእኔ ሰባት ቁጥር በታጠበ ቁጥር ይጨማደድና አንድ ይመስላል። ሜዳው ዳር ያለው ባሕር ዛፍ ላይ ሰው እንደ ወፍ ይሰፍራል። ጎል ሳገባ ያ ሁሉ ሕዝብ ስሜን ሲጠራው፣ አሁንም ድረስ ሳስበው ጸጉሬ ይቆማል። ያን ጊዜ የሚመልስልኝ ቢገኝ ሱቄን ከነጨርቁ እሰጠው ነበር።

በዚያ ዓመት ረመዳንና ጥምቀት ገጠሙ። ታቦት በገባ በሳምንቱ ከአንድ የባሕር ዳር ቡድን ጋር ተጫወትን፤ ካሸነፍን እናድጋለን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከእረፍት በፊት አንድ አገባሁ። ከእረፍት ስንመለስ ሐብተ ማርያም አስቀመጠኝ፤ ሁለት ለአንድ ተሸነፍን።

ለምን አስወጣኸው ሲሉት «የእኔ ውሳኔ ነው» አለ፤ ሌላ ቃል አልተነፈሰም። ሰው መቼ ዝም ይላል? መጀመሪያ ጉቦ በላ ተባለ። ከዚያ የባሰው መጣ፤ የደብር ልጅ ነው፣ እስላም ጎል ሲያገባ ዓይኑ ቀላ ተባለ። በዓልን ተጠያይቀን፣ ለቅሶን ተላቅሰን ያደግን ሰዎች ይህን አልን። አባቴ ሐጂ አኒስ እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰላምታውን ነፈገው። ክረምት ሳይገባ ሐብተ ማርያም ቤተሰቡን ጭኖ ዛሪማ ገባ፤ እዚያ ትምህርት ቤት ስፖርት ያስተምራል ሲባል ሰማን። እኔስ? እኔማ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱፌን እየፈለቀቅሁ «እሱማ በቁሜ ገደለኝ» እላለሁ፤ ያውም አፌን ሞልቼ።

አምና ግንቦት ላይ፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እንደ ልማዳችን ተሰብስበናል። አንዲት ወጣት ሴት ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ አግዳሚው ላይ ተራዋን ትጠብቃለች። እኛ ማን አለ ብለን! ብራዚሉን ጨርሰን፣ አሸዋውን አራግፈን፣ ሐብተ ማርያም ላይ ደረስን። እኔም የተለመደችውን አልሁ። ሷሊሕ ተራዋ ሲደርስ ቀሚሱን ለካና ጨርቁ ላይ የሚሰካትን ቁራጭ ወረቀት አውጥቶ ስሟን ጠየቃት።

«ወንጌላዊት ሐብተ ማርያም» አለች።

አላምረው ሊስቅ ከጅሎ የትኛው ሐብተ ማርያም አላት። የዛሪማው፣ የድሮው የቀሃ ኮከብ አሰልጣኝ አለችው። ማኪናው ቆመ። ኃይለ ጊዮርጊስ በግዕዝም በአማርኛም ይቅርታ ጠየቃት። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ምነው በተቆጣች! ለምዳዋለች መሰለኝ። ለሥራ ወደ ጎንደር ከተዛወረች ወር እንዳልሞላት፣ አባቷም አንድ አደራ እንደሰጣት ነገረችን።

«ጃቢርን ጠይቂልኝ ብሎኛል። ደህና ነው? ልጅ ወልዷል?»

ሁሉም እኔን አየኝ፤ እሷ አታውቀኝም። ደህና ነው ብዬ፣ ስልክ የተደወለልኝ መስዬ መውጣት እችል ነበር። እግሬንም አንስቼ ነበር፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ሷሊሕ ነው በጣቱ ያሳያት፤ «ይኸው፣ ራሱን ጠይቂው» አላት።

ቁጭ አልሁና ነገርኋቸው። አባቴ ኳስ የፈቀደልኝ በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በኳስ ሰበብ ጾሜን እንዳልፈታ አስምሎኛል። ከምስክሮቹ አንዱ ይሄው ሷሊሕ ነበር። በእረፍት ሰዓት እኛ ጾመኞች ከሜዳው ግንብ ጀርባ ካለው ባልዲ ፊታችንን ታጥበን፣ አፋችንን ተጉመጥምጠን እንተፋለን። የዚያን ቀን ሌሎቹ ቀድመውኝ ገቡ። እኔ ተጉመጠመጥሁ፤ አልተፋሁም። አንዴ ጉሮሮዬ ከቀመሰው በኋላ ባልዲውን በሁለት እጄ አንስቼ እንደ በሬ ጠጣሁ። ሆዴ ተነፋ፣ ቁርጠቱ አጎበጠኝ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርሁ። አባቴ ከነጓደኞቹ ባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ልጄ እያለ ነው።

ሐብተ ማርያም እዚያ አገኘኝ። ምንም አልጠየቀም፤ ባልዲውን አየ፣ ማሊያዬን አየ። አባቴ እንዳይሰማ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። በፎጣው አፌንና ደረቴን አደረቀልኝና «ማንም አይሰማም» አለኝ። አሞት ነው ያስወጣሁት ቢል አባቴ እየሮጠ ይመጣ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩን ራሱ ተሸከመው። እሱ ሲሰደብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬ ሰደብሁት። ለአባቴ ብዬ ነው እል ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላስ? በኋላማ ለራሴ ነበር።

ሷሊሕ መነጽሩን አወለቀ፤ እኔ አፍሬ ቀና ብዬ ላየው አልቻልሁም። ወንጌላዊት ስልኳን አወጣች። የዛሪማ ኔትወርክ የታወቀ ነው፤ በሦስተኛው ጠራ። ከአባቷ ጋር ሰላምታ ተለዋወጠችና ሰውዬው እዚህ አለ ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። ድምፁ አርጅቷል።

«አያ ሐብተ ማርያም፣ ጃቢር ነኝ። የዚያን ቀኑን ዛሬ ተናገርሁት። እነ ሷሊሕ ሁሉም ሰሙ።»

«አባትህስ?» አለኝ ደንግጦ። «አባትህም ሰሙ?»

«አባቴ ወደ አኼራ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው።»

«ሳይሰሙ?»

«ሳይሰማ።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ጭነት እንዳወረደ ሰው።

«ተመስገን። እኔ እኮ ረመዳን በገባ ቁጥር፣ ይሄ ልጅ ዘንድሮ አላስችል ብሎት ለአባቱ ይነግራቸው ይሆን እያልሁ ነው ስሰጋ የኖርሁት።»