«አልሰማሁትም» ያለው ሹፌር

ኖቢላ ታፕሶባ የተባለው የጭነት መኪና ሹፌር አንድ ባለሞተር ገጭቶ ለፖሊስ የሰጠው ቃል አጭር ነበር። «አልሰማሁትም» አለ፣ በቃ። ይህቺ ቃል ከፖሊስ ጣቢያ ወጥታ ኩዱጉ ከተማን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀባትም። በሳምንቱ የከተማው ባለሞተር ሁሉ ማርሚታውን፣ የሞተሩን ጭስ ማውጫ፣ ተሸክሞ ከሶላንዥ ፓሬ የብየዳ ቤት ደጃፍ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተሰለፈ። ሹፌር ካልሰማ ይገጫል፤ እንዲሰማ ደግሞ ሞተር መጮኽ አለበት። ወንዶቹ ከዚህ የረዘመ ሐሳብ አላስፈለጋቸውም። ሶላንዥም የያንዳንዱን ማርሚታ ሆድ እየቀደደች ድምፅ የሚውጠውን አንጀቱን አወጣችላቸው። በሌላ ጊዜ ቢሆን አንዱንም ሳትሰድብ አትሸኝም ነበር። ያን ሰሞን ግን አፏን ዘግታ ሠራች።

ምክንያቱም የተገጨው ወንድሟ ባርናቤ ነበር። በባርናቤ ሞተር ላይ የነበረው ማርሚታ ደግሞ የራሷ የእጅ ሥራ ነው፤ ገና ስድስት ቀኑ።

ብየዳን ማንም አላስተማራትም። የጎረቤት በያጅ ሲሠራ በአጥር ቀዳዳ እያየች፣ ሌሊት ዓይኗ እያለቀሰ፣ በወዳደቀ ብረት ላይ እየሞከረች ነው የተማረችው። ያንን ማርሚታ ስትሠራ ውስጡን ሦስት ቦታ ከፍላ፣ በመካከሉ የብረት ብናኝ ጠቅጥቃ፣ ሞተሩ ከብስክሌት እምብዛም የማይበልጥ ድምፅ እንዲያወጣ አድርጋ ነበር። «እንደ ድመት ነው የሚሄድልህ» ብላ ለወንድሟ ስትገጥምለት ደረቷ ተነፍቶ ነበር። በስድስተኛው ቀን፣ በገበያው መግቢያ፣ ወደ ቀኝ የታጠፈ የእህል መኪና ድመቱን ከነጋላቢው ጠረገው። የባርናቤ እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሹፌሩም «አልሰማሁትም» አለ።

ሁለት ወር ሙሉ ማንም ሶላንዥን አልወቀሳትም። ባርናቤም አንድ ቀን እንኳ አላነሳባትም። ይኸው ነበር የባሰው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ታዲያ ባርናቤ እያነከሰ መጣና ማርሚታውን ከፊቷ አስቀመጠ።

«ሶላ፣ ነገ ሥራ እጀምራለሁ።»

«እግርህ ነው የሚጀምረው ወይስ አፍህ?»

«እግሬ ድኗል። የቀረኝ ይቺ ናት። አንጀቷን አውጪልኝ።»

ሶላንዥ በእጇ የያዘችውን ብረት አላስቀመጠችም። «አንተ ደግሞ አንጀቷን እንዳስወጣው እንደ ሳሊፉ ልትሆን?»

«ሳሊፉ ሲመጣ ዶሮ ከእንቁላሏ ላይ ተነስታ ትሸሻለች። ሰው ይሰማዋል። እኔን ማን ሰማኝ?» አላት፣ ያለ ክፋት፣ ዝናብ ዘነበ እንደሚል ሰው።

አንጀቱን ብታወጣው፣ ወንድሜን በገዛ እጄ ነው ያስገጨሁት ብላ መፈረሟ ነው። ባታወጣው ደግሞ፣ ነገ ሌላ መኪና ቢያገኘውስ?

«እስከ ነገ ረፋድ ታገሰኝ» አለች።

«ምን ልትሆኚ?»

«ምን እንደምሆን አትጠይቀኝ። በያጇ እኔ ነኝ።»

«እምቢ ካልሽ ሌላ ጋ እወስዳታለሁ።»

«ውሰዳት። እዚያ ቀዳዳ ድፈኑልኝ ብትላቸው እንኳ አዲስ ቀዳዳ ነው የሚያወጡልህ።»

በማግስቱ ጠዋት አቧራው ገና ሳይነሳ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደች። ኖቢላ ታፕሶባ በመኪናው ጥላ፣ ከጎማው ሥር ተቀምጦ ባቄላ በዘይት ይበላል። በዕድሜ አባቷ ነው፤ የሌላ ወገን ሰው ቢሆን ኖሮ «እርስዎ» ብላ ዝቅ ብላ እጅ ትነሳው ነበር። እሱ ግን በነገዱ ሞሲ ነው፣ እሷ ሳሞ ናት። ሞሲና ሳሞ ሲገናኙ መሰዳደብ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ግዴታቸው ነው። የተሰደበ አይቆጣም፣ የተለመነም እምቢ አይልም። የተቆጣ እንደሆነ ሰው ይታዘበዋል።

«አንተ አሽከሬ፣ እመቤትህ ቆማ አንተ ተቀምጠህ ትበላለህ?» አለችው።

ኖቢላ ቀና ብሎ አያት። «ይቺ የውሻ ጭንቅላት በላተኛ ደግሞ በጠዋቱ ምን አመጣት? እዚህ ውሻ የለም፣ ሂጂ ሌላ ጋ ፈልጊ።»

«የአህያ ሥጋ ከጥርስህ መሃል ሳይወጣ ስለ ውሻ ታወራለህ?»

አጠገቡ የነበሩት ሹፌሮች ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አብሮ አልሳቀም። ባርናቤ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለም እንዲሁ ነበር። ይመጣል፣ ሁለት ስድብ ይወረውራል፣ ወንበር ሲሰጡት ሳይቀመጥ ይወጣል።

«መኪናህን ለግማሽ ሰዓት ፈልጌዋለሁ» አለች ሶላንዥ።

«ሳሞ ከመቼ ወዲህ ነው መኪና የሚነዳው?»

«መንዳቱን ለአሽከሬ ትቻለሁ። እኔ ጋቢና ውስጥ እቀመጣለሁ። አንተ ሞተሩን ታስነሳለህ፣ መስኮቱን ትዘጋለህ፣ ሬዲዮህን ትከፍታለህ። ልክ እንደዚያ ቀን።»

«እንደዚያ ቀን» ስትል ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሶ አኖረ። ውሃ ጠጣ። አንዴ ወደ ሹፌሮቹ፣ አንዴ ወደ መሬት አየ። ሌላ ሰው ቢለምነው ሥራ አለብኝ ብሎ ይሸኘው ነበር። የሳሞ ልጅ ለምናው ግን በሰው ፊት እምቢ ማለት አይችልም።

«እሺ፣ የኔ እመቤት» አለና ተነሳ። «መቀመጫዬን ግን በቅማል እንዳትሞዪብኝ።»

ወሬው ከሷ ቀድሞ ሄዶ ኖሮ፣ ሳሊፉ በቀይ ሞተሩ እያጓራ መጣ። ከኋላው ሌሎች ባለሞተሮች ተከተሉ። በመጨረሻ ባርናቤ ያንኑ ማርሚታ በሞተሩ ላይ መልሶ ገጥሞ፣ ፊቱን አጥቁሮ ደረሰ።

«ይኼ ምንድን ነው፣ ሰርከስ ነው?» አለ።

«ሰርከስማ የናንተ ነው፤ እኔ መለካት ነው የፈለግኩት» አለች። «ዓይኔን አስራለሁ። አንድ በአንድ ከኋላ፣ ከነዳጅ ማደያው ጀምራችሁ በቀኝ በኩል ትመጣላችሁ። ስሰማ እጄን አነሳለሁ። እጄን ባነሳሁበት ቅጽበት የፊት ጎማው የደረሰበት ላይ የቀራችሁት በእግራችሁ መስመር አስምሩ። መዋሸት የለም። የሚዋሽ ዳግመኛ ብየዳ ቤቴ አይድረስ።»

ሳሊፉ ከት ብሎ ሳቀ። «እኔን ለመስማት ጋቢና መግባት ምን ያደርግልሻል? ቤትሽ ብትተኚም ትሰሚኛለሽ።»

«እሱንማ ሁለት ወር ሰምቼሃለሁ።»

ጋቢናው ውስጥ ገብታ ከኖቢላ አጠገብ ተቀመጠች፤ በሻሽዋ ዓይኗን አሰረች። ኖቢላ ሞተሩን አስነሳ። መቀመጫው፣ ወለሉ፣ ጥርሷ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። መስኮቱ ተዘጋ። ሬዲዮው ውስጥ አንድ ሰውዬ ስለ ማሽላ ተባይ ይናገራል። ሶላንዥ ጆሮዋን ቀስራ ጠበቀች። የመኪናው ሞተር፣ ተባይ፣ የኖቢላ ትንፋሽ፤ ሌላ ነገር የለም። ልትስቅ ምንም አልቀራት፣ ሳሊፉ ገና አልተነሳም ብላ። ድንገት ጩኸቱ ፈነዳ፤ እጇን አነሳች። ከግራዋ የመጣ መሰላት።

ወርዳ አየች። መስመሩ ከፊት ለፊት፣ ከመኪናው አፍንጫ አጠገብ ነበር። ሳሊፉ የመኪናውን ርዝመት በሙሉ በቀኝ በኩል አልፎ፣ በሩንም አልፎ ነው የሰማችው።

«ሰማችኝ» አለ ሳሊፉ ደረቱን ነፍቶ። «እጇን አነሳች፣ ሁላችሁም አይታችኋል።»

«ሰማሁህ። ግን እዚህ ጋ ስሰማህ መኪናው ታጥፎ አንተ ሥሩ ነህ። ደግሞ ግራ መሰለኝ። መሪውን ይዤ ቢሆን ኖሮ ካንተ ልሸሽ ብዬ እላይህ ላይ ነበር የምወጣው።»

ባለሞተሮቹ መስመሩን ከበው ተያዩ። ሳሊፉ ግን በቀላሉ የሚበርድ ሰው አይደለም። «ትናንት አንዲት ሴትዮ ጀርባዋን ሰጥታኝ መንገድ ስትሻገር ሰምታኝ ዘለለች። እሱንስ ምን ትይዋለሽ?»

«ሴትዮዋ ጆሮዋ ውጭ ነዋ፣ ጋቢና ውስጥ አልተዘጋባትም። ለእግረኛና ለፍየል ይሠራል፣ አልክድህም። ያንተን እግር የሚሰብረው ግን ፍየል አይደለም።»

ቀጥሎ ባርናቤ መጣ። ሶላንዥ ዓይኗን አስራ ጠበቀች፣ ጠበቀች። አንድ ሰው በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ ምንም አልሰማችም። ሻሹን ስትፈታ ወንድሟ ፊት ለፊቷ ቆሟል። የሳሊፉን ዘግይታም ቢሆን ሰምታዋለች፤ የራሷን ሥራ ግን ጨርሶ አልሰማችውም። የሳሊፉ ጩኸት እንደማያድን አወቀች፤ የሷ ማርሚታ ዝምታ ወንድሟን አለማስገጨቱን ግን ማን ይንገራት?

«አንዴ ደግመህ ና» አለችው በመስኮቱ።

«እስከ መቼ?»

«ና አልኩህ፣ ባርናቤ።»

በዚህኛው ዙር ሻሹን አላሰረችም። ወደ ኖቢላ ትከሻ ተጠግታ ሹፌር የሚያየውን ማየት ፈለገች። ከቀኙ በር ውጭ ካለው ትልቅ ስፖኪዮ ላይ ዓይኗን አሳረፈች። ማደያው ይታያል። ባቄላ ሻጯ ትታያለች። ከዚያ ባርናቤ ብቅ አለ፣ አውራ ጣት አክሎ፤ ከዚያ ክንድ አከለ፤ የሸሚዙን ቁልፎች እስክትቆጥር ድረስ አደገ። ብትፈልግ ኖሮ እስኪደርስ ድረስ አንድ ኩባያ ውሃ ቀስ ብላ ትጠጣ ነበር።

ሬዲዮውን ራሷ ዘጋችው።

«ከማደያው ጀምሮ ይታያል» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ስድብ የሚባል ነገር አልነበረም። «ጋሼ ኖቢላ፣ እንዴት ነው ያላዩት?»

ኖቢላ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋ። እጁን ከመሪው ላይ አላነሳም። ስንት ስድቧን በሳቅ የቻለው ሰው፣ «ጋሼ» ስትለው ደነገጠ።

«ጋሼ አትበዪኝ» አለ ቀስ ብሎ። «አሽከሬ በዪኝ። እንደሱ ይሻለኛል።»

ሶላንዥ በጎኗ ያለውን በር ከፈተች። ባርናቤ ከውጭ መጥቶ በተከፈተው በር ተደግፎ ቆመ፤ ሌሎቹም ተጠጉ።

«ታጥፎ ነበር» አለ ኖቢላ። «ስፖኪዮው። ያን ቀን ጠዋት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ እህል አራገፍኩ። እዚያ መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ ግድግዳው እንዳይሰብረው አጥፈን ነው የምንገባው። ስወጣ ሳልመልሰው ቀረሁ። ገበያው መግቢያ ላይ ልታጠፍ ስል ቀና ብዬ አየሁት፤ የራሴን በር ነው ያሳየኝ። ስፖኪዮውን መመለስ ሲገባኝ፣ ምን ይመጣል ብዬ ታጠፍኩ። ፖሊሱ ሲጠይቀኝ አልሰማሁትም አልኩ። ውሸት አይደለም፣ አልሰማሁም። በሬ ወለደ ብዬ ጮክ ብዬ ባወራ እንኳ ራሴን የማልሰማበት ጋቢና ነው። ምን ልሰማ? ማንንም ሰምቼ አላውቅም። እኔ በዓይኔ ነው የምነዳው፤ ያን ቀን ዓይኔን አጥፌው ነበር።»

«ድገመው» አለች ሶላንዥ።

«የቱን?»

«ታጥፎ ነበር ያልከውን።»

«ታጥፎ ነበር።»

«አንዴ ደግሞ።»

«አንቺ ልጅ፣ ታጥፎ ነበር። ነገ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄም እላለሁ፣ ጮክ ብዬ።»

«ዛሬ ትሄዳለህ» አለ ባርናቤ። ፊቱን አጥቁሮ የበሩን ጠርዝ ጨበጠ። ሁሉም የሚለውን ጠበቁ። እሱም፣ «አህያ በላተኛ ከመጀመሪያውም መኪና ሊሰጠው አይገባም ነበር» አለ። ኖቢላ ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ፣ «እውነት ነው፣ ጌታዬ፣ አይገባም ነበር» አለው። ሞሲ ለሳሞ እንዲህ በአንድ ቃል ሲረታ ያየ ሰው በማቆሚያው ውስጥ አልነበረም።

ሶላንዥ ከጋቢናው ወርዳ የመኪናውን ደረጃ ይዛ ቀረች። ሰው እንዳያያት ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ የምታጠብቅ መሰለች። ባርናቤ ግን አየ። አጠገቧ ቁጢጥ አለ፣ የተሰበረውን እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ።

«ሶላ፣ የማርሚታሽ ጥፋት ነው ብለሽ ነበር እንዴ ያሰብሽው?»

«ማን፣ እኔ? አላሰብኩም።»

«ሁለት ወር ሙሉ?»

«አላሰብኩም አልኩህ።»

«ለዚህ ነዋ፣ ሳህን ይዘሽልኝ ስትመጪ ዓይኔን የማታዪው። እኔ ደግሞ፣ አንካሳ ወንድም አስጠልቷት ነው ብዬ...»

«እሱም አለበት» አለች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ አምልጧት ወደ ሌላ ነገር ሄደባት፤ ሻሹን ፊቷ ላይ ጫነችው። ባርናቤ ትከሻዋን ያዛት።

ሳሊፉ ራሱን እያከከ መጣ። «የኔን ታዲያ መልሰሽ ትደፍኝልኛለሽ?»

«አንተን ምን ነካህ? ሴትዮዋ ዘላልሃለች አይደል?»

«ጆሮዬ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሚስቴ ስትጠራኝ አልሰማም። እሷ ደግሞ ሆን ብዬ ይመስላታል።»

«ሰኞ አምጣው» አለችው። «ዛሬ አልሠራም።»

ባርናቤ ሞተሩን አስነስቶ ከኋላው አስቀመጣት። ወደ ሥራ ሳይሆን ወደ ቤት ነው የዞረው፤ ሥራ ከሰዓት በኋላም ይደርሳል አለ። ቀስ ብለው ሄዱ። በመንገድ ዳር ሰው ሰላም ሲላቸው ይሰሙና ይመልሳሉ፤ የእግሩን የሚጠይቅም ነበር፣ ሳይቆሙ ይመልሱለታል። የባቡር ሐዲዱን ሲሻገሩ ከኋላ አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ባርናቤ ሰምቶ ወደ ዳር ወጣና አሳለፈው።

«ሰማሽው? በአንቺ ማርሚታ ገና ሩቅ እያለ ነው የሰማሁት» አላት።

አልመለሰችለትም። ግንባሯን በጀርባው ላይ ጥላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በመንገድ መሃል፣ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ባርናቤ በአንድ እጁ እጆቿን ወገቡ ላይ ጠበቅ አድርጎ ይዞ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ቤት ነዳ።