የአርባ ቀን ስም

ልጄ ኢዩኤል ከመሞቱ አሥራ አንድ ቀን በፊት የክርስትና ስሙን ጠየቀኝ። ኩላሊቴን ቢጠይቀኝ እሰጠው ነበር። ስሙን ግን አላውቀውም።

አራት ኪሎ አካባቢ ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። በዚህ አገር እግዚአብሔር የለም ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው ብርቅ ነው፤ እኔም ብርቅ መሆኔን እወደው ነበር። ፒያሳ ባንኮኒ ተደግፌ ስከራከር ድምፄ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። «ሳይንስ ያልደረሰበትስ?» ሲሉኝ «ይደርሳል!» እላለሁ። እነሱም እኔም ባላየነው ነገር እየማልን እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ባለቤቴ ሰርክአዲስ ልጁን በተወለደ በአርባ ቀኑ ተደብቃ አስጠመቀችው። ከሥራ ስመለስ አንገቱ ላይ ማተብ አየሁና በመቀስ ቆረጥኩት። ስሙን ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት፣ «ያንን ስም እዚህ ቤት ከሰማሁ ጥዬሽ እሄዳለሁ» አልኳት። ሰርክዬ አንዴ እሺ ካለች እሺ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አልጠራችውም። ኢዩኤልም እኔን መስሎ ስላደገ አልጠየቃትም። ከስድስት ዓመት በፊት ስትሞት ስሙን ይዛው ሄደች። የንስሐ አባቷም ቀድመዋት አልፈዋል።

ኢዩኤል በሃያ ስድስት ዓመቱ በደም ካንሰር ተያዘ። ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ እኔ እሱን የማጽናናበት ነገር አጣሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ቁጥር የሌላቸው ሌሎች ዓለማት ሊኖሩ እንደሚችሉ የሚያስቡ የፊዚክስ ሰዎች እንዳሉ ነገርኩት።

«በአንዱ ዓለም አንተ ጤነኛ ነህ» አልኩት። «አሁን ቴዎድሮስ አደባባይ ታክሲ ለመያዝ እየተጋፋህ ነው።»

ሳቀ። ከሳቀ ሳምንት አልፎት ነበር።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ገነት ነው፤ እግዜሩን ብቻ ከውስጡ አወጣህ። ያኛው ኢዩኤል ለእኔ ምኔ ነው? የእማዬ ገነት ይሻላል። እዚያ ቢያንስ የምገባው እኔው ራሴ ነኝ።» ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «የክርስትና ስሜን ንገረኝ» አለ።

«አላውቀውም።»

«አሁንም እልህ፣ አባዬ?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የከለከልኩት መሰለው። በማግስቱ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ወደነበረው የድሮ ሰፈራችን ሄድኩ። ሰፈሩ ፈርሷል፤ ጎረቤቱ ሁሉ በከተማው ዳር ዳር ተበትኗል። ክርስትና አባቱ ካሣሁን ከሞተ ቆይቷል። በሦስተኛው ቀን እትዬ አባይነሽን፣ ጥምቀቱ ላይ የነበሩትን ጎረቤታችንን፣ ልጃቸው ቤት አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ።

«እትዬ፣ ስሙን ይንገሩኝ።»

«ሰፈር ስንገባ ሰርክዬ በጆሮዬ ነው ያንሾካሾከችልኝ፣ እሸቴ ይሰማል ብላ።» ግንባራቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «ጠፋኝ፣ እሸቴ። ቤተ ክርስቲያኑም ጠፋኝ። ሰው እንዳያየን ብላ ሩቅ ነው የወሰደችን።»

ቤት ስመለስ መዋሸት እችል ነበር። አንድ ስም ፈጥሬ ብነግረው ደስ ብሎት ይሞት ነበር። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን በእውነት ስመጻደቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ «አላገኘሁትም» አልኩት። ከዚያ በኋላ ውኃ ከመጠየቅ በቀር አላናገረኝም።

ኢዩኤል ሲሞት ከእናቱ ጎን ሊቀበር ሆነ። ቄስ ዘርዓብሩክ እኔን ያውቁኛል፤ «ለሰርክአዲስ ስል እፈታዋለሁ» ብለው መጡ። ሬሳው ፊት ቆመው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«አቶ እሸቴ፣ ስመ ክርስትናው ማን ነው?»

በክርስትና ስሙ ያልተጠራ ሰው አይፈታም። ዕድርተኛው ሁሉ ያየኛል። ለልጄ ያልዋሸሁት እኔ ለቄሱ ዋሸሁ።

«ገብረ መድኅን» አልኳቸው።

ጸሎቱ ተጀመረ። ግዕዙ ባይገባኝም ያ ስም እየተመላለሰ ይመጣ ነበር። ሴቶቹ ያለቅሳሉ። እኔ ያላለቀስኩት ስሙ ከየት አፌ ላይ እንደመጣ ያወቅኩት ያን ጊዜ ስለሆነ ነው። እናቴ በልጅነቴ ስታመም በዚያ ስም ትጠራኝ ነበር። የእኔ የክርስትና ስም ነው።

አርባ ቀን ሙሉ በየጸሎቱ ገብረ መድኅን ተብሎ ተጠራ። ስህተቱን ልናገር ሁለት ጊዜ እስከ ደጀ ሰላሙ ሄጄ ተመለስኩ። «እንግዲያ ትክክለኛው ማን ነው?» ቢሉኝ ምን እላለሁ?

እኔ እንደምለው እግዜር ከሌለ፣ የተበላሸ ነገር የለም። ካለ ግን ልጄ የገነት በር ላይ ስሙ እስኪጠራ ቆሟል፤ የተጠራው የእኔ ነው።