ልክ የሌለው ሰማያዊ

ኢንጂነር ተውፊቅ ከከተማ የመጣው ዋሻው ድረስ ወጥቶ በረዶውን በዓይኑ ሊያይ ነበር። ዳገቱን አንጋጦ አየና ጉልበቱን ይዞ በመንደሩ ሽማግሌ በአፖ ሮዚ ምንጣፍ ላይ ዘፍ አለ።

«ፎቶ አላችሁ አሉ። እሱን አሳዩኝና ይበቃል።»

ፎቶ አንሺዋ ኩልሱም ደስ አላት። ሮጣ ቤቷ ሄደች።

የመንደሩ ገብስ የሚጠጣው ከዋሻው በረዶ ነው። በአገሩ እምነት በረዶ ወንድና ሴት አለው፤ ተጋብቶም ይራባል። የአፖ ሮዚ አባትና ጓደኞቹ ጥቁሩን ወንድ በረዶ ከአንድ ተራራ፣ ነጯን ሴት ከሌላው ተሸክመው፣ መሬት ሳያስነኩ፣ በመንገድም አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ አምጥተው እዚያ ጨለማ ውስጥ ዳሯቸው። ጥቁሩና ነጯ ተጋብተው ሰማንያ ዓመት መንደር አጠጡ። አሁን ግን አልቀዋል። ኢንጂነሩን የላከው የውሃ መሥሪያ ቤት ይህን ካመነ ከማዶው ወንዝ በቧንቧ ውሃ ያመጣል። ካላመነ ዘንድሮ የሚዘራ ሰው የለም።

ኩልሱም ላሆር ከተማ ተምራ የተመለሰች የመንደሩ ልጅ ናት። ያን በረዶ ስድስት ዓመት ፎቶ ስታነሳው አንድ ሕግ ነበራት፦ ከበረዶው በቀር ፎቶው ውስጥ ምንም አይገባም። ድንጋይ የለ፣ ሰው የለ፤ ስንጥቅ፣ አረፋና ሰማያዊ ብቻ። ከተማ ያሉት አድናቂዎቿ ፎቶዎቿ ፊት ቆመው አንገታቸውን ዘመም እያደረጉ «እንዴት ያለ ዝምታ ነው!» ይላሉ። ዝምታ! የሚጠማ መንደር ዝምታ የሚያምረው ቤቱ ቧንቧ ላለው ሰው ነው። ኩልሱም ይህን አጥታው አይደለም፤ ጭብጨባው ግን ጣፍጧት ነበር።

ፎቶዎቹን ምንጣፉ ላይ ዘረጋቻቸው።

«ማሻ አላህ!» አለ ኢንጂነሩ። «ይሄ አዳራሽ ነው እንጂ ዋሻ ነው? ይሄን ሁሉ ታቅፋችሁ ነው ውሃ ጠማን የምትሉት?»

«አዳራሽ አይደለም ኢንጂነር። ከሦስት ሳምንት በፊት ያነሳሁት ነው፤ መዳፌን ቢያክል ነው። ከዚያ ሌላ የቀረ የለም።»

«መዳፍሽ የታለ?»

«አላስገባሁትም።»

«ለምን?»

መልሱን በየኤግዚቢሽኑ ስድስት ዓመት ስትተነትነው ኖራለች። አሁን ግን የፎቶውን ጠርዝ በጣቷ አቃናች።

አክስቷ ሱግራ ከበሩ ሥር ሆና ሳቀች። «ይቺ ልጅ! እኔ ስልክ ከነካሁ አውራ ጣቴ የሌለበት ፎቶ የለኝም። አንቺ ስድስት ዓመት ስትወጪ ስትወርጂ ጫማሽ እንኳ ለአንድ ቀን አይገባም?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ኢንጂነሩም ሳቀና ወደ አፖ ሮዚ ዞረ።

«አባት፣ እርስዎ ይንገሩኝ። በረዶው ሞቷል?»

በዚያ መንደር የተዳረ በረዶ «ሞተ» አይባልም። ሞተ ያለ ሰው ገዳዩ እሱ ነው። ቢሳሳም ቢጠፋም የሚባለው አንድ ነው።

«ተኝቷል» አሉ አፖ ሮዚ።

«ተኝቷል ማለት አለ ማለት ነዋ?»

«ተኝቷል አልኩህ ልጄ።»

«አፖ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ!» አለች ኩልሱም። «እሱ የእኛን አነጋገር አያውቅም። በእሱ ቋንቋ ይንገሩት!»

«አንቺ ያላሳየሽውን እኔ በአፌ ልግደልልሽ?»

«እንግዲያው እኔ ልበለው። ሞቷል! በረዶው ሞቷል!»

ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። አፖ ሮዚ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አንቺማ ይህን ትያለሽ፤ ፎቶሽ ግን ሌላ ይላል» አለ ኢንጂነሩ። ወረቀቱ ላይም ጻፈ፦ በረዶው በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል። ሲወጣ ትልቁን ፎቶ ለቢሮዬ ብሎ ጠቅልሎ ያዘ። አላየም ሊባል አይችልም፤ አይቷል፤ ያየው ግን ሊያይ የፈለገውን ነው። ጉልበቱን ያመመው ሰው ዳገት ከሚያስወጣው እውነት ይልቅ ምንጣፍ ላይ የሚዘረጋውን ይመርጣል።

በነጋታው ኩልሱም ሜትርና ሁለት ምስክር ይዛ ወጣች። የዋሻው ወለል እርጥብ ድንጋይ ነበር፤ ሌላ ምንም። ምስክሮቹ ድንጋዩን ሳይሆን እሷን አዩ።

«ትናንት ባትናገሪው ኖሮ . . .» አለ አንደኛው።

ሜትሩን ዘርግታ፣ ሰዎቹን አቁማ፣ ድንጋዩን ፎቶ አንስታ ለመሥሪያ ቤቱ ላከች። መልሱ በአሥራ አንደኛው ቀን መጣ። የተላከው ፎቶ የየትኛው ዋሻ እንደሆነ ማረጋገጫ የለውም፤ በፋይሉ ካሉት ቀደምት ፎቶዎችም ጋር አይመሳሰልም፤ ጥያቄው ከሦስት ዓመት በኋላ ዳግም ሊታይ ይችላል።

ደብዳቤውን መስጊዱ በር ላይ ጮክ ብላ አነበበችው። ጨርሳ ቀና ስትል አብዛኛው ሰው ሄዷል።

በዚያ ሳምንት ሱግራ ለዘር ያስቀመጠችውን ገብስ ከጎተራው አወጣች፤ ቆላችው፤ ፈጨችው። ሌሎቹም ሴቶች አንድ በአንድ ተከተሏት። ሱግራ ለኩልሱም አንድ ሳህን ዱቄት በቅቤ ለውሳ አመጣችላት።

«ብዪ» አለቻት። «ከእንግዲህ ለማን ይቀመጣል?»

ኩልሱም በላች። ጣፋጭ ነበር።