ኮርቻ ተሸክማ የተሳፈረችው

ጡረታ የወጣችው መምህርት ብስክሌቷን ይዛ ወንድሟ ያለበት አገር ልትሄድ መሆኑን ስትናገር፣ ልብስ ሰፊ ባሏ የያዘውን ሱሪ አስቀምጦ ቀና አለ።

«እዚያ ብስክሌት የለም?»

«ሞልቷል። ለኔ ቁመት የሚሆን ግን የለም።»

ታላቅ ወንድሟ ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ከተደረገለት አራት ወር ሆኖታል። ሐኪሙ በየቀኑ ብስክሌት ንዳ ቢለውም ሰውየው ሶፋ ላይ ተጋድሞ ቴሌቪዥን ላይ ከማፍጠጥ በቀር ንቅንቅ አላለም። በስልክ ብትመክረውም ብትቆጣውም መልሱ «እሺ፣ ነገ» ነው። እንግዲያው ራሷ ሄዳ ፊት ፊቱ እየነዳች ልታስነሳው ቆረጠች።

ቅዳሜ ጠዋት ባልየው የስፌት መኪናውን ገፋ አድርጎ ሳሎኑ መሃል ብርድ ልብስ አነጠፈ። በሕይወቱ ብስክሌት ላይ ወጥቶ ባያውቅም «መፍታቱን ለኔ ተይው» አለ። የቀኙ ፔዳል በቀላሉ ወጣለት። የግራው ግን አልነቃነቅ አለ። ታገለው፣ አማጠ፣ በመጨረሻም መፍቻው ላይ ወጥቶ ቆመበት።

«ዝጓል» ብሎ ፈረደ፣ ላቡን እየጠረገ።

የሰፈሩ ብስክሌት ጠጋኝ ተጠራ። ቀጭንና ጠንካራ ስለሆነ ሁሉም ብሎን ነው የሚለው፤ ድሮ የመምህርቷ ተማሪ ነበር። ገብቶ አንዴ አየና ሳቁን ዋጠ።

«ጋሼ፣ የግራ ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒው ነው። እስካሁን ሲያጠብቁት ነው የቆዩት።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ?»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ። ጉልበትዎ ግን አይጣል ነው!»

መምህርቷ ሳቋ አመለጣት። ጠጋኙ መፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ ተጫነውና ፈታው። ከዚያ መሪውን ወደ ጎን አዞረ፣ የፊት ጎማውን አወጣ፣ ጎማውን የሚይዘው ሹካ እንዳይጣመም መሃሉ ላይ ቁራጭ እንጨት ወተፈ። ባልየው ጎማውን ሊያስተነፍስ ሲንደረደር ጠጋኙ እጁን ያዘው።

«አየሩን ሙልጭ አድርገው አያውጡት። ካርቶኑ ቢወድቅ የጎማው ቸርኬ ይጎብጣል። በአውራ ጣት ሲጫኑት እሺ እስኪል ድረስ ብቻ።»

«አየር ላይ አይፈነዳም?»

«እሱን እንኳ እንጃ። አየር መንገዱ ቀንሱ ስላለ እንቀንሳለን።»

ባልየው የራሱ ሙያ እስኪደርስ ጠበቀ። ከዚያ ለፔዳሎቹ ከረጢት ሰፋላቸው፤ ብረቱን ሁሉ በጨርቅ ቅዳጅ እንደ ሕፃን ጠቀለለው። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራቸው ከሁለት ቀን በላይ ተለያይተው አያውቁም።

«ኪሎው ባይከለክል እኔም እዚህ ውስጥ እገባ ነበር» አለ ካርቶኑን ሲያሽግ። ቀልዶ ነበር፤ እሷ ግን ጭንቅላቱን ሳመችው።

አውሮፕላን ጣቢያ ካርቶኑ ሚዛን ላይ ሲወጣ ትርፍ ኪሎ ተገኘበት። ባልየው ማሸጊያውን በጥፍሩ ልጦ፣ ቀለል ይበል ብሎ ያንን ከባድ የቆዳ ኮርቻ መዥረጥ አድርጎ አወጣው። ሚስትየው ብብቷ ስር ሸጉጣው ወደ ፍተሻው አመራች።

«እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አላት ፈታሹ።

«መቀመጫዬ ነው።»

«እንዴ! ውስጥ መቀመጫ አለ እኮ!»

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች።

ወንድሟ ቤት እንደደረሰች ሻይ እንኳ ሳትጠጣ መገጣጠም ጀመረች። እሱ ሶፋው ላይ ሆኖ ሲያያት ቆየና አላስችለው አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ኮርቻው ተጣሟል።»

«ከዚያ ሆነህ ነው የሚታይህ? ይልቅ ጎማ መንፊያ አለህ?»

እያጉረመረመ፣ ምርኩዙን ይዞ ወደ ዕቃ ቤት ሄደ። ሲመለስ ግን አቧራ የጠጣ ብስክሌቱን እየገፋ፣ ምርኩዙን መሪው ላይ አጋድሞ ነበር።

«ያንቺን ከነፋሁ አይቀር የኔንም ልንፋው ብዬ ነው እንጂ ልነዳ አይደለም» አለ።

«ማን ንዳ አለህ፣ ወንድም ጋሼ?»

የዚያን ዕለት እስከ ዳቦ ቤቱ ደረሱ። ሁለት ጊዜ ቆሞ ጉልበቱን አሸ፤ ሐኪሙንም እህቱንም ረገመ። በሳምንቱ ወንድምየው ለባልየው ስልክ ደወለ።

«ሚስትህን ና ውሰድልኝ! ዛሬ ደግሞ ዳገት አስወጣችኝ!»

«ወጣኸው?»

«ወጣሁት እንጂ! እሷ ወርዳ ብስክሌቷን ስትገፋ እኔ ኮርቻዬ ላይ ነበርኩ።»

ሰውየው እያለከለከ ይስቅ ነበር።