የጋሽ ደሞዝ ጉብታ

ነጋዴው ያለው ከቡሬ ለቅሶ ሊደርስ ቢመጣም ዓይኑ አልቃሾቹ ላይ አልነበረም። «ነፍስ ይማር» ብሎ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ አንገቱን በድንኳኑ ክፍተት አስግጎ ጓሮ ጎተራው ሥር የቆመችውን አሮጌ ፒካፕ ከጎማዋ እስከ ኮፈኗ ለካት። ያለው የአሮጌ ብረት ነጋዴ ነው። ንፍሮውን ሲቆረጥም እንኳ ዓይኑን አላነሳም። ያምሮት ከእናቷ ከወይዘሮ ደጊቱ ጎን ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ታየው ነበር። ለቅሶ ቤት የሚያለቅስ እንዳለ፣ የሚያጽናና እንዳለ ታውቃለች፤ ንብረት የሚመትር መኖሩን ግን በሃያ ሁለት ዓመቷ ዛሬ ገና አየች።

አባቷ ጋሽ ደሞዝ ከተቀበሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ታላቅ ወንድሟ ወንዳወቅ ከባሕር ዳር መጥቶ የቤቱን ነገር ሁሉ በሁለት ቀን ሊጨርስ ቸኩሏል። ወደ ያለው ጆሮ ጠጋ ብሎ ሲያንሾካሾክ ያምሮት እያንዳንዷን ቃል ለቀመች፤ ነገ ከሣልስቱ በኋላ ድንኳኑ ሲፈርስ ጎትቶ ይውሰዳት፣ ለቤቱ አዲስ መኪና ይገዛል፣ ሹፌር ይቀጠራል። ያምሮትስ? ያምሮት ባሕር ዳር ሄዳ ልብስ ስፌት ትማራለች።

ወንዳወቅ ክፉ ሰው አይደለም። ያፈረ ሰው ነው። በቀብሩ ዕለት ሬሳውን በገዛ መኪናቸው እንሸኝ ተብሎ ሕዝብ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ሱፉን እንደለበሰ ጋቢና ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ጸጥ። ደግሞ አዞረ። ከአልቃሾቹ አንዷ «ከጌታዋ ጋር ሞተች!» ብላ ደረቷን ስትመታ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ፤ ሬሳው በሰው ትከሻ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ፍኖተ ሰላም ውስጥ መኪናዋ መሞቷን የሚጠራጠር አልተገኘም፤ ከያምሮት በቀር።

ጋሽ ደሞዝ በሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት ከአንድ የእርሻ ድርጅት ጨረታ ሲገዟት አርጅታ፣ አበቃላት ተብላ የተጣለች ነበረች። አበቃላት ከተባለች በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት ሠራች። የሽንዲን በርበሬ አወጣች፤ ወደ ግሽ ዓባይ ጸበልተኛ፣ ወደ ሆስፒታል ምጥ የጠናባት ሴት አደረሰች፣ ከሆስፒታል ደግሞ ያልዳነውን መለሰች። የኋላ ጭነት መያዣ ስፖንዳዋ ሲበሰብስ ጋሽ ደሞዝ ዋንዛ ጠርበው ሠሩላት። የግራ በሯ አልዘጋ ሲል በበሬ ጠፍር አሠሯት፤ ያ ጠፍር እስከ ዛሬ አልላላም። በሚሊኒየሙ ዋዜማ የከተማው ነጋዴ ሁሉ አዳዲስ አይሱዙ ሲያስገባ «ጋሽ ደሞዝ፣ እርስዎስ?» ቢሏቸው፣ «እነዚያ ገና ሥራ አልለመዱም» አሉ።

አንድ አመል ነበራቸው። ሜዳ ላይ መኪና አያቆሙም። ቡሬ ከወፍጮ ቤቱ በላይ፣ ሽንዲ ከቤተ ክርስቲያኑ መውረጃ ላይ፤ የሚፈልጋቸው ሰው መጀመሪያ ቁልቁለት ይፈልጋል። ግቢያቸው ውስጥ ደግሞ ድንጋይና አፈር ከምረው ጉብታ ሠሩ፤ ማታ ማታ አዙረው፣ ወደ ኋላ ወጥተው፣ አፍንጫዋን ወደ በሩ አድርገው ያቆሟታል። ጎረቤት የሹፌር ጉራ ነው አለ። እሳቸውም ጉራ ይባል ብለው ተዉት።

እውነቱን የምታውቀው ያምሮት ብቻ ናት። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ሽንዲ መንገድ ላይ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ሞተ። እጇ ቀጭን ስለነበር ብሎኑን የፈታችው እሷ ናት። ጋሽ ደሞዝ ሞተሪኖውን አገላብጠው አዩና ጥርሱ ማለቁን ሲረዱ መልሰው አሰሩት።

«አዲስ አንገዛለትም?» አለቻቸው።

«ቁልቁለት አይበላሽም» አሉ። ቀጥለውም ለማንም እንዳትናገር አስማሏት። የሰው ትከሻ የራሱ ሸክም አለበት፣ የእኔን መኪና ደግሞ ሲገፋ አላይም አሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ግፉልኝ ሳይሉ ኖሩ። መንዳቱንም፣ መፍታት መግጠሙንም አስተማሯት፤ ትምህርት ቤት ያላስጨበጣትን ከዚያ ኮፈን ሥር አገኘችው። መንጃ ፈቃዷን አምና ስታወጣ ፈታኙ ማን አስተማረሽ ቢላት «ቁልቁለት» ብላ መለሰችለት።

ታዲያ ጋሽ ደሞዝ ያረፉ ዕለት የእድሩ ሰዎች ድንኳን ሊተክሉ መጡ። ጉብታው አላስተክል አለ። የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደ ዮሐንስ፣ ወዳጃቸው ናቸውና፣ ለለቅሶ የመጣ ሽማግሌ በዘመመ መሬት እንዳይቀመጥ ብለው መኪናዋን በክብር አስገፍተው ጎተራው ሥር ሜዳው ላይ አቆሟት። ጉብታውንም በአካፋና በዶማ ደልድለው እልም አደረጉት። ያምሮት ያን ጊዜ ፍራሽ ላይ ራሷን አታውቅም ነበር። ስትነቃ መኪናዋ ሜዳ ላይ ናት። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ መሐላዋ ትዝ አላትና ዘጋችው።

በሣልስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ድንኳኑ ፈረሰ። ያለው የመኪና ጎማ የሚያህል የገመድ ጥቅል ተሸክሞ ገባ። ገመዱን ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር ሊያስር ሲያጎነብስ ያምሮት ከፍራሹ ተነሣች።

«ጋሽ ያለው፣ ለቅሶ ሲመጡ ገመድ ይዘው ነው የሚወጡት?»

ጥቂት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ወንዳወቅ ፊቱ ቀላ።

«ያምሮት፣ ተቀመጪ። በሰው ፊት አታዋርጅኝ። ሞታለች፤ ራሴ አዙሬ አይቻታለሁ።»

ያምሮት እናቷን አየች፤ ከዚያ ባዶውን የጉብታ ቦታ አየች። አባቷን በሕይወት ሳሉ ያልካደቻቸውን አሁን ልትክዳቸው ነው። ካልካደቻቸው ደግሞ መኪናቸው በምሳር ትከተፋለች።

«ቁልፍ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አስነሥቷት አያውቅም» አለች። «ሞተሪኖዋ አይሠራም፤ የምትነሣው ስትንደረደር ነው። አባዬ ሰው ላለማስቸገር ነው ቁልቁለት ሲፈልጉ የኖሩት። ጉብታውም ለዚያ ነበር።»

ሰው ሁሉ በየልቡ ቁልቁለት ይቆጥር ጀመር፤ የወፍጮ ቤቱን፣ የቤተ ክርስቲያኑን። አቶ ወልደ ዮሐንስ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ።

«እንግዲያ ሬሳውን በእግር ያስኬድኩት እኔ ነኝ በሉኛ» አሉ።

ያምሮት ወደ ወንድሟ ዞራ እንዋዋል አለችው። መኪናዋ ተነሥታ አስፋልቱን ከነካች አትሸጥም፣ ሥራዋንም እሷ ትቀጥላለች፤ ካልተነሣች ግን ልብስ ስፌቱን ተማሪ ሲላት እሺ ትላለች። ወንዳወቅ እስኪመልስ አቶ ወልደ ዮሐንስ አልጠበቁም። ጋቢያቸውን አውልቀው አጥር ላይ ጣሉና ትከሻቸውን ዋንዛው ስፖንዳ ላይ አኖሩ። ከኋላቸው እድርተኛው ግር ብሎ ተነሣ።

ያምሮት ጋቢና ገባች። ወንበሩ በአባቷ እግር ልክ ወደ ኋላ ተስቧል፤ እግሯ ፍሪሲዮኑን በጣቷ ብቻ ነካው። ወደ ፊት መሳብ ይቻል ነበር። አልሳበችውም። ነጠላዋን አጥፋ ከጀርባዋ ወተፈችና ሁለተኛ ማርሽ አስገባች።

ገፏት። ሱፍ የለበሰውም ወንዳወቅ ገፋ። ከበሩ ወጥታ ወደ መውረጃው ስታዘነብል ያምሮት ፍሪሲዮኑን ለቀቀች። መኪናዋ ተንገጫገጨች፣ ሳለች፣ ዝም አለች። ያለው ገመዱን ማስተካከል ጀመረ። ሁለተኛ ስትለቀው ሞተሩ አጓራ፤ የጭሱም ጥቁር ደመና መጀመሪያ ያገኘው ወንዳወቅን ነበር። ከጭሱ ሲወጣ ፊቱ ጠቁሮ፣ እንባው ሁለት መስመር አውጥቶበት ነበር። ገመዱን ከያለው እጅ ወሰደ፤ በሥርዓት ጠቀለለውና መልሶ አስታቀፈው።

ያምሮት አስፋልቱን ነክታ ዞረች። ስትመለስ ሴቶቹ ከብት እንዳይገባ የግቢውን በር ከውስጥ ዘግተውታል። ጋሽ ደሞዝ በር ላይ ጥሩምባ ነፍተው አያውቁም፤ ሞተሩን ከመታጠፊያው ጀምራ የምታውቅ ሚስት ነበረቻቸው። ያምሮትም አልነፋችም፤ ሞተሩን እንዳስነሣች ቆማ ጠበቀች።

የበሩ መወርወሪያ ተሳበ። ሦስት ቀን ሙሉ በሰው ድጋፍ ሲነሡ የነበሩት ወይዘሮ ደጊቱ ሁለቱንም መዝጊያ ብቻቸውን ገፍተው ከፈቱ። ወደ ጋቢናው ቀና አላሉም። ያምሮት ቀስ ብላ አጠገባቸው አለፈች።

ወንዳወቅ በእግሩ ደረሰ። ቀስ ብሎ «እማ፣ ልዝጋው?» አላቸው።

ወይዘሮ ደጊቱ ገና የሚመጣ ሰው እንደሚጠብቁ ሁሉ መንገዱን እያዩ የተከፈተውን መዝጊያ እንዳይዘጋ አጥብቀው ያዙት።